ፊቱ በመሳም ያለቀው ጊዮርጊስ

ዴልፍት ከተማ ውስጥ የጸሎት መጽሐፍ ሥዕል እየቀባሁ እተዳደራለሁ። በየዓመቱ በፋሲካ ማግስት አንዲት ሴት በሬን ታንኳኳለች። ስሟን ነግራኝ አታውቅም። ነጭ ሻሿን እንደ መርከብ ሸራ ወጥራ፣ የእንጨት ጫማዋን እያንቋቋች፣ መጽሐፏን ከመቀነቷ ላይ አንጠልጥላ ትገባለች።

ቤተ ክርስቲያንም አያታለሁ። የላቲኑን ጸሎት፣ አንድም ቃል ሳይገባት፣ ጎረቤት ሁሉ እንዲሰማ ጮክ ብላ ታነበንባለች። በገዛ ቋንቋችን በደች የተጻፈው ላይ ስትደርስ ግን ድምጿ ጠፍቶ ከንፈሯ ብቻ ይንቀሳቀሳል። ከዚያ ሥዕሉን ትስማለች።

ሥዕል መሳም የሁላችንም ልማድ ነው፤ የእሷ ግን ለብቻው ነው። የክርስቶስ እግር ወርቁ እንዳዲስ ያበራል። የዘንዶው ጥርስ እንኳ አልደበዘዘም። የቅዱስ ጊዮርጊስ ፊት ግን ብራናው እስኪታይ ተልጧል፤ በየዓመቱ የምትመጣውም ይህንኑ ፊት እንደገና እንድቀባላት ነው።

«እመቤቴ፣ ጌታችን እንዳይቀየምዎት» አልኳት ዘንድሮ።

«እሱንማ ሁሉም ይስመዋል» አለች ሳትስቅ። «አፍንጫውን ትንሽ ወደ ግራ አጣመው። ባለፈው ቀጥ አድርገህብኛል።»

«የቅዱሳን አፍንጫ ይጣመማል እንዴ?»

«የዚህ ይጣመማል።»

አጣመምኩት። መጽሐፉን ሊወስድ የመጣው ባሏ ነበር፤ አፍንጫው እንደ ማስመሪያ ቀጥ ያለ ጨዋ ሰው። የጊዮርጊስን ገጽ ገልጦ ፊቱን ትኩር ብሎ አየው።

«ይሄን ሰውዬ የሆነ ቦታ አይቼዋለሁ።»

«ቅዱሳን ይመሳሰላሉ፣ ጌታዬ» ብዬ መጽሐፉን ልዘጋ እጄን ዘረጋሁ።

እሱ ግን ቀደመኝ። ደግ ምእመን ነውና ጎንበስ ብሎ እሱም ሳመው።