አንድ ሰው የቀረው

ትናንት ከሰዓት ቡታጅራ መናኸሪያ በር ላይ ካለችው ሻይ ቤት ቁጭ ብዬ ላብ በላብ ሆኛለሁ... ከሙቀቱ አይደለም። ፊት ለፊቴ የተቀመጡት ሁለት ሰዎች ናቸው ያላቡኝ። አንዱ አባቴ ነው። ሌላው የሚኒባሶቹ ማኅበር ሊቀመንበር፣ ጋሽ ሸምሱ። መሀላችን ጠረጴዛው ላይ የኔ ስልክ አለ።

ስልኩ ላይ ያለው እኔ የሰራሁት አፕ ነው። የአዲስ አበባው ሚኒባስ ስንት ወንበር እንደቀረው ያሳያል። ሰው እቤቱ ሆኖ አይቶ ሊሞላ ሲል ይመጣል እንጂ መኪና ውስጥ ተቀምጦ ፀሐይ አይጠብሰውም። ማኅበሩ ከወደደው ስራው የኔ ነው። ካልወደደው... አባቴ ቁርጡን ነግሮኛል። «ተምረሽ እቤት መቀመጥ የለም። መርካቶ አጎትሽ ሱቅ ትገቢያለሽ።» አጎቴን እወደዋለሁ፤ ግን ብርድ ልብስ ስዘረጋና ሳጥፍ ማርጀት አልፈልግም አቦ!

ባለፈው ሳምንት ሳሳያቸው ጉድ ሆኜ ነበር። መኪናው ሞልቶ ሄዷል፣ ስክሪኑ ግን «12 ወንበር ቀርቷል» ብሎ ድርቅ! ዘግተህ ካልከፈትከው አይቀየርም። ጋሽ ሸምሱ ስልኩን ጆሯቸው ላይ ለጠፉና «ልጄ፣ ይሄ ነገር ተኝቷል መሰለኝ» አሉኝ። ሻይ ቤቱ በሙሉ ሳቀብኝ።

ሳምንቱን ሙሉ ኮዱ ላይ ተደፋሁ። ለካ ስክሪኑ ቁጥሩን አንዴ ይጠይቅና ከዚያ በኋላ ጉዳዬም አይለው። ስለዚህ ቁጥሩን «ኦብዘርቫብል» የሚሉት ነገር አደረግኩት። ማለቴ፣ አሁን ስክሪኑ ቁጥሩ ላይ አፍጥጦ ይጠብቃል፤ ቁጥሩ ንቅንቅ ሲል እሱም ራሱ ይቀየራል። መዝጋት የለ፣ መክፈት የለ። እቤት ስሞክረው ሸጋ ሆኖ ሰራ።

ቁጥሩን የሚያስገባው ጀማል ነው፤ መኪናው በር ላይ ቆሞ ተሳፋሪ የሚጠራው። «የቀረውን ወንበር ጻፍ፣ በቃ» ብዬ ስልክ ሰጥቼዋለሁ።

ጀመርን። ዳታም አላህ ይስጠው፣ ትናንት አልጠፋም። ስክሪኑ ብልጭ አለና «1 ወንበር ቀርቷል» አለ።

ጋሽ ሸምሱ ደስ አላቸው። «ማሻአላህ! ዛሬስ ነቅቷል። ግን በዚህ ፍጥነት ሞላ?»

አባቴ አንገቱን አስግጎ በመስኮት አየ። ከዚያ ጥግ ላይ ወደተቀመጠው ሰውዬ ዞረ። «እንዴ... ሾፌሩ እዚሁ ሻይ እየጠጣ አይደል እንዴ? መኪናው ባዶ ነው እኮ!»

እውነቱን ነው። ባዶውን በሩን ከፍቶ ቆሟል። ስክሪኑ ግን «1» ብሎ ሙጭጭ... መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ ደስ ባለኝ። አባቴ እጁን ኪሱ ከቶ ስልኩን አወጣ። ለአጎቴ ሊደውል እንደሆነ ገባኝ። «አባዬ፣ በአላህ አንዴ ታገሰኝ!» ብዬ በሩጫ ወጣሁ።

«ጀማል! ስንት ብለህ ጻፍክ?»

«አንድ።»

«ስንት ሰው ገባ?»

«ኧረ ማንም አልገባ።»

«ታዲያ አንድ የምትለው ምን ሆነህ ነው?!»

እንደ እብድ አየኝ። «አንቺ ደግሞ! መናኸሪያ አታውቂም እንዴ? ‹አንድ ሰው የቀረው› ነው የሚባለው። አስራ ሁለት ቀረ ብዬ ብጽፍ ወላሂ ማን ይመጣል?»

ልሳቅ ወይስ ላልቅስ? ኮዴ ደህና ነው! ስክሪኑ የነገሩትን ነው ያሳየው። ጀማል ደግሞ ዕድሜ ልኩን የሚጮኸውን ነው የጻፈው።

ቁጥሩን ወደ አስራ ሁለት መለስኩና «ስማ» አልኩት፣ «በአፍህ የፈለግከውን ጩህ። ጣትህ ግን ሰው ወንበር ላይ ሳይቀመጥ ይቺን ቁጥር እንዳትነካ።»

«አፌ እየዋሸ ጣቴ እውነት ይናገር?»

«የአፍህን ከአላህ ጋር ትነጋገራለህ!»

ተመልሼ ተቀመጥኩ። ከውጭ የጀማል ድምፅ ይሰማል። «አዲሳባ! አንድ ሰው የቀረው! አንድ ሰው!» ጠረጴዛው ላይ ደግሞ «11» አለ። ቆየት ብሎ «10»። ጋሽ ሸምሱ ሁለት እጃቸውን ከጠረጴዛው አነሱ። «ማንም አልነካውም አይደል?» አባቴ በመስኮት ሰው ይቆጥራል፣ ዞሮ ስልኩን ያያል... «ዘጠኝ ቀረ! ልክ ነው! ልክ ነው!» ጎል የገባለት ነው የሚመስለው።

ጋሽ ሸምሱ እንባቸው እስኪመጣ ሳቁ። «ልጄ፣ ያንቺ ነገር ጤነኛ ነው። የታመመው ጀማል ነው! በይ ለሁሉም መኪና አድርጊው። ወረዳ ሰምቶ ‹ምርጥ ተሞክሮ› እያለ በየስብሰባው ሳያዞርሽ ቶሎ ጨርሺ።»

አባቴ እዚያው ደወለ። «አሰላሙ አለይኩም... ለሱቁ ሌላ ሰው ፈልግ። ልጅቷ ስራ አላት።» ይቺን ስሰማ አላስችል ብሎኝ አለቀስኩ። እሱም ፊቱን አዞረና «ሻይሽ ቀዘቀዘ» አለኝ።

ሰኞ በሁሉም መኪና ላይ እንጀምራለን ኢንሻአላህ... ስክሪኑን አስተካክያለሁ፤ ለጀማል አፍ ግን እስካሁን አፕዴት አልወጣለትም።