ድንኳኑ የተፈታበት ከተራ

ይህ የሆነው ባለፈው ዓመት፣ በከተራ ዕለት፣ እዚሁ ደብረ ታቦር ነው። የማልረሳው የሰው ሐዘን አከበርሁ ብዬ ሐዘንተኛዋን ላስቀይም ጥቂት ቀርቶኝ ስለነበር ነው።

የሰፈራችን ወጣቶች ታቦቱ ወደ ጥምቀተ ባሕሩ ሲወርድ በየዓመቱ ምንጣፍ እናነጥፋለን። የታለፈበትን ከኋላ እየጠቀለልን፣ በሩጫ ወደ ፊት ወስደን እንደገና እንዘረጋለን። የእኔ ሥራ መንገዱን አስቀድሞ ማዘጋጀት ነው። ሞባይል ጥገናን ብቻዬን እየፈታሁና እየገጠምሁ ስለተማርሁ ነው መሰለኝ፣ ነገር ሳልለካ አላምንም። ጓደኛዬ ዳኛቸው «አንተ መንግሥተ ሰማያትም ብትደርስ በሩን ሳትለካ አትገባም» እያለ ይቀልድብኛል።

ከተራው ሁለት ቀን ሲቀረው፣ መንገዱ የሚጠብበት ኩርባ ላይ የሚኖሩ አንድ አናጢ አርፈው ተቀበሩ። ግቢያቸው ጠባብ ስለሆነ እድሩ ድንኳኑን መንገዱ ላይ ተከለ። ሄጄ ስለካው የተረፈው ቦታ ባጃጅ ብቻ የሚያሳልፍ ነው። በሌላ በኩል እንዳንዞር የታችኛው መንገድ ለድንጋይ ንጣፍ ተቆፍሯል።

በማግሥቱ ከዳኛቸው ጋር ለቅሶ ደረስን። ንፍሮ ቀረበልን። የሟች ባለቤት እትዬ ስንዱ ፊት ለፊታችን ተቀምጠዋል። ባላቸውን ትናንት የቀበሩ ሴት «ድንኳኑን ያንሡልን» ማለት አቃተኝ። «ነፍስ ይማር» ብለን ተነሣን። የእድሩ ዳኛ ተከትለውን ወጡ።

«እናንተ ልጆች፣ ለቅሶ ልትደርሱ መጥታችሁ ዓይናችሁ ድንኳኑ ላይ የቀረው ለምንድን ነው?»

ነገርኋቸው። ወደ ውስጥ ተመልሰው ብዙ ሳይቆዩ መጡ።

«ስንዱ ይፈታ ብላለች። ነገ ለቀስተኛው እንደምንም ግቢ ውስጥ ይቀመጣል።»

በከተራው ጠዋት ድንኳኑ ሲፈታ ደስታም እፍረትም ተሰማኝ። ውለታውን በምን እንመልስ ብዬ ሳስብ ቆየሁና አንድ ነገር ወሰንሁ። ከኩርባው በፊት ካለው የውኃ ቦኖ ጀምሮ ኩርባው እስኪታለፍ ከበሮም ጭብጨባም እልልታም እንዳይኖር። መዘምራኑ ተስማሙ። ሁሉም «እውነትህን ነው» አሉኝ። እትዬ ስንዱን የጠየቀ ግን አልነበረም።

ከሰዓት በኋላ ታቦቱ ቦኖው ጋ ሲደርስ እጄን አነሣሁ። ከበሮው ቆመ። ሰዉም እየተጠቃቀሰ ዝም አለ። የዲያቆኑ ቃጭልና የእግር ኮቴ ብቻ ይሰማ ነበር።

እትዬ ስንዱ ነጠላቸውን አዘቅዝቀው፣ ከለቀስተኞቹ ሴቶች ጋር ደጃፋቸው ላይ ቆመዋል። ወደ እኛ አዩ፤ ወደ ከበሮዎቹ አዩ። ከዚያ ምንጣፍ ወደምዘረጋበት መጡ።

«ምን ሆናችሁ ነው?»

«ሐዘንዎን ብለን ነው፣ እትዬ።»

«ድንኳኑን ያስፈታሁት ታቦቱ በኔም ደጅ እንደ ሰው ደጅ እንዲያልፍ ነው እንጂ! ልጄ፣ ባሌን ቀበርሁ እንጂ እኔ ከሰው አልወጣሁም።»

መልስ ሳይጠብቁ ወደ ታቦቱ ዞረው እልል አሉ። ድምፃቸው በለቅሶ ተዘግቶ ስለነበር መሀል ላይ ተቆረጠ። ሴቶቹ ደነገጡ፤ አንዷ ክንዳቸውን ያዘች። እንደገና ሲጀምሩ ግን ሁሉም ተቀበሏቸው።

«ምታው እንጂ፣ ምን ትጠብቃለህ!» ብሎ ዳኛቸው ከኋላ ጮኸ። ከበሮው ተመታ። እትዬ ስንዱ እንባቸው እየወረደ እልል ይላሉ። ታቦቱ ደጃቸው ሲደርስ በግንባራቸው ተደፍተው ሰገዱ።

አሁን ሳስበው፣ መንገዱን ያን ያህል ስለካ ገብቼ «እንዴት ብናልፍ ይወዳሉ?» ማለት እንዳልታየኝ ይገርመኛል። ግን አይከብደኝም፤ እሳቸው ራሳቸው አቅልለውልኛል። ገበያ ሲወርዱ በሱቄ በኩል ያልፋሉ፤ ከበሩ ላይ ቆም ብለውም «ዘንድሮስ ለከበሮው ፈቃድ ሰጠኸው?» ይሉኛል።

እስቃለሁ። እሳቸውም ይስቃሉ።