ወደ ቤት የሚለመድ ጫማ

ጎረቤቴ ቢላዋን በድንጋይ ስትስል ሰማሁና አባቴ ትዝ አለኝ። ልጄ ነገ ዓረብ አገር ልትሄድብኝ ነው፤ ፍርሃቱ እንቅልፍ ከነሳኝ ሰነበተ። እሷ አዲሱን ጫማዋን ትለካለች።

ስምንት ዓመቴ ሳለ አባቴ ከሰቆጣ ገበያ ከመኪና ጎማ የተሠራ በረባሶ ገዛልኝ። ገና በመጀመሪያው ቀን ጠርዙ ተረከዜን ላጠው። አባቴ ቢላዋውን ድንጋይ ላይ እንዲሁ እያስፏጨ ሳለና ጠርዙን ከረከመው። ተረከዜንም ቅቤ ቀባኝ። የጎማውና የቅቤው ሽታ አሁንም አፍንጫዬ ላይ አለ።

«አድርጌው ገበያ ልሂድ?» አልኩት።

«አይሆንም! ስትሄጂ በእጅሽ ያዢው፤ ስትመለሺ አድርጊው። አዲስ ጫማ ወደ ቤት ነው የሚለመደው። መጀመሪያ መግቢያውን ይወቅ።»

ጫማ ምን ያውቃል ብዬ ሳቅሁ።

ዛሬ ልጄን በባዶ እግሯ መናኸሪያ ድረስ ወሰድኳትና ጫማውን እዚያ አስደረግኳት።

«እማ፣ አበድሽ? ሰው እየሳቀብን እኮ ነው!»

«ይሳቅ። አሁን ወደ ቤት ሂጂ።»

ጫማው እየላጣት፣ እያነከሰች ቀደመችኝ። እኔም በራችንን እስክትገባ ድረስ ዓይኔን ከእግሯ አልነቀልኩም።