ስምንተኛው መንገደኛ

አጆዋ ልጇን አዝላ የታኮራዲ ወደብ በር ላይ የቆመችው ከጠዋቱ አንድ ሰዓት ጀምሮ ነው። መርከቡ ጎህ ሲቀድ ገብቶ ከክሬኖቹ ጀርባ እንደ ነጭ ፎቅ ተገትሯል። ባሏ ኮቢና እዚያ ውስጥ ነው፤ ታችኛው ወለል ላይ፣ የመንገደኞች አንሶላ የሚታጠብበት ክፍል። ከተለያዩ ዓመት ከአምስት ወር ሆኗቸዋል። በጀርባዋ ያለችውን የአሥራ አንድ ወር ልጁን አንድም ቀን አቅፏት አያውቅም።

ልጅቷ ገና ስም አልወጣላትም። ኤፉዋ ይሏታል፤ ይህ ግን የቀኑ ስም ነው፣ ዓርብ የተወለደች ሴት ሁሉ ኤፉዋ ናት። የራሷን ስም የሚያወጣላት አባቷ ነው፤ በተወለደች በስምንተኛው ቀን፣ በማለዳ፣ በአባቱ ቤት፣ ምላሷ ላይ ውሃና መጠጥ ጠብ አድርጎ፣ ሁለቱን ለይታ እውነት ብቻ እንድትናገር። ስምንተኛው ቀን ሲደርስ ኮቢና ባሕር ላይ ነበር። የኮቢና አባት አባባ ኳንሳ፣ ሴኮንዲ ውስጥ ዓሣ ሲያጠምዱ ያረጁ ሰው፣ እኔ ላውጣላት አሉ። አጆዋ እምቢ አለች። በስልክ ይሁን ያሉም ነበሩ፤ ስልክ ውሃ አያንጠባጥብም ብላ ዝም አሰኘቻቸው። አዛውንቱ እየተነጫነጩ አሥራ አንድ ወር ታገሡ። ከዛሬ ወዲያ ግን አይታገሡም። ኮቢና ዛሬ ካልመጣ ነገ በማለዳ ልጅቷ በታላቅ እህታቸው ስም ኦቱዋ ትባላለች። ኦቱዋን ሰፈሩ ሁሉ ያውቃታል። ከሞተች ስንት ዓመቷ፣ ዛሬም ልጆች በደጇ ሲያልፉ ድምፃቸውን ዝቅ ያደርጋሉ።

ኮቢና እስከ ስድስት ሰዓት እወጣለሁ ብሎ ልኮላት ነበር። ታክሲ ይዘው ወደ ሴኮንዲ ሊበሩ ነው ሐሳባቸው። አጆዋ ሥራዋ ከመርከብ የሚወርዱ እንግዶችን በእግር ከተማውን ማሳየት ቢሆንም፣ የዛሬ ተራዋን ለጓደኛዋ ለቃለች። ስድስት ሰዓት ሆነ። ስድስት ተኩል ሆነ። ዘበኛው ሠራተኞቹን ለእሳት አደጋ ልምምድ ይዘዋቸዋል ሲባል ሰምቻለሁ፣ ዛሬ የሚወጡ አይመስለኝም አላት። ሰባት ሰዓት ላይ አስጎብኚ ያላገኙ ሰባት መንገደኞች በሩ ላይ ዓይናቸውን ሲያንከራትቱ አየች። ቆሞ ማልቀስ ለልጅቷ ወተት አይሆን፤ እንዳዘለቻት ከፊታቸው ሆና ማስጎብኘት ጀመረች።

መንገዱ ከወደቡ አጥር ተነሥቶ ዳገቱን ይወጣል፣ ክቡን ገበያ ይዞራል፣ በአሮጌው ሐዲድ በኩል ይመለሳል። ይህን መንገድ እሷ አላወጣችውም። የልብስ ስፌት ስትማር ኮቢና ማታ ማታ የሚሸኛት በዚህ ነበር። ለእንግዶቹ ይህ የድሮ ፖስታ ቤት ነው ትላቸዋለች፤ ዝናብ ሲመጣ በረንዳው ሥር ተጠልለው፣ ከቆመም በኋላ ገና ያካፋል እያሉ እንደቆዩ አትነግራቸውም። ይህ የጨርቅ ተራ ነው ትላለች፤ የትኛው ጨርቅ ላይ እጁን አሳርፎ "ይሄ ያምርብሻል" እንዳላት አትነግራቸውም። እንግዶቹ ፎቶ ያነሣሉ። እሷ በየማዕዘኑ ዞር እያለች ትቆጥራቸዋለች፤ ልማዷ ነው። ሰባት። ሰባት። ሰባት።

ገበያው ውስጥ፣ በቅጠል የተጠቀለለ የበቆሎ ኬንኬና የተጠበሰ ዓሣ የምትሸጠው እማማ ባዱዋ ከሩቅ አየቻት።

"ጫጩቶችሽን ወዴት ትነጃለሽ ዛሬ?"

"እርስዎ ጋ ነዋ እማማ፤ ጥሬ ይበትኑላቸው ብዬ።"

"ባልሽስ?"

"አንሶላው አልለቀቀውም።"

ባዱዋ ከዓሣው አጥንቱን ለቅማ አውጥታ ሥጋውን ለልጅቷ አጎረሰቻት።

ሐዲዱ ጋ ሲደርሱ ከኮኮናት ሻጩ ፊት ቆሙ። አጆዋ ዞር ብላ ቆጠረች። ስምንት። ተሳሳትኩ ብላ ደገመች። ስምንት። ከኋላ፣ ከአንድ ረጅም ሽማግሌ እንግዳ ጎን፣ ኮፍያ ያደረገ ቀጭን ሰው ኮኮናቱን እያማረጠ ነው።

"እኔንም ቆጠርሽኝ ወይስ ቲኬት ልቁረጥ?" አላት ኮቢና።

ስንት ሌሊት ስታሰናዳ የከረመችው ንግግር ነበራት። "ከስተሃል" አለችው።

"አንቺ ደግሞ ፈጥነሻል። ከገበያው ጀምሮ እየሮጥኩ ነው የደረስኩብሽ።"

ስምንት ተኩል ላይ ነበር የለቀቁት። ዘበኛው እንግዶች ይዛ ሄደች ሲለው መንገዱን ማንንም አልጠየቀም። ዘጠኝ ተኩል ላይ መርከቡ ውስጥ መገኘት አለበት፤ አሁን ለዘጠኝ አሥር ጉዳይ ነው። ሴኮንዲ ደርሶ መመለስ የማይታሰብ ነው። ሰባቱንም እንግዶች ጥላ መሄድ አትችልም። አጆዋ ስልኳን አወጣች።

"አባባ፣ ኮቢና እዚህ ነው። ቤት ለመድረስ ጊዜ የለንም። የስም ማውጫውን ጽዋ ይዘው ወደቡ በር ይምጡልን።"

አዛውንቱ መነጫነጭ ጀመሩ፦ ስም በማለዳ ይወጣል፤ ማለዳው ቢቀር እንኳ ቤት ውስጥ እንጂ መንገድ ላይ በጠራራ ፀሐይ አይወጣም፤ ደግሞ ዛሬ ማክሰኞ ነው፣ ማክሰኞ ባሕሩ ያርፋል፣ አንድ ጀልባ አይወጣም፣ ከባሕር የሚወሰድ ነገር የለም።

"ኮቢናን ራሱን የሰጠዎት ማክሰኞ አይደል እንዴ አባባ? ስሙስ የማክሰኞ ልጅ ማለት አይደል?"

ስልኩ ተዘጋ።

ኮቢና ልጅቷን ሊቀበላት እጁን ዘረጋ። አየችውና ጮኸች፤ ገላዋን አገተረች፣ በእናቷ አንገት ተጠመጠመች። እጁን ቀስ ብሎ መለሰ። "ልክ ናት፤ አታውቀኝም" አለ። ቁልቁለቱን ሲወርዱ ከአጆዋ ኋላ ኋላ እየሄደ፣ የልጅቷን ጀርባ ብቻ እያየ መጣ።

በሩ ላይ ሲደርሱ አባባ ኳንሳ ከታክሲ እየወረዱ ነው። የክት ጨርቃቸውን በትከሻቸው አጣፍተዋል፤ ከሥሩ ጽዋውንና ትንሿን ጠርሙስ ይዘዋል።

"ቤቱን ተሸክሜ መምጣት አልቻልኩም" አሉ። "እኔ ግን መጥቻለሁ። ቶሎ በሉ።"

በሩ አጠገብ ባለ ዛፍ ጥላ ሥር ቆሙ። እንግዶቹም ማንም ሳይነግራቸው ኮፍያቸውን አወለቁ። ልጅቷ ከእናቷ አልላቀቅ ስላለች አጆዋ እንዳቀፈቻት ሆነ። ኮቢና ጣቱን በጽዋው ውሃ ውስጥ ነክሮ ከንፈሯ ላይ አስጠጋ።

"ኤጅርባ" አለ። "ውሃ ካልሽ ውሃ ይሁን።"

የእናቱ ስም ነው፤ የአባባ ኳንሳ ሟች ሚስት። ሦስት ጊዜ ጠራት። መጠጡን ጠብ ሲያደርግላት፣ መጠጥ ካልሽ መጠጥ ይሁን ሲላት፣ ልጅቷ ፊቷን ጭምድድ አድርጋ ምላሷን አወጣች። እንግዶቹ ሳቁ። አዛውንቱ ግን ፊታቸውን ወደ ባሕሩ መልሰው ቆዩ፤ የኦቱዋ ነገር በዚያው ቀረ።

ሰዓቱ ደረሰ። ኮቢና ሊሰናበት ጎንበስ ሲል ልጅቷ ኮፍያውን ያዘች። ቢስበው አልለቅ አለች። ተወላትና ባዶ ራሱን ገባ። በሩን ሲያልፍ አንድ ጊዜ ዞረ፤ ከዚያ ከአንሶላ ጋሪዎቹ ኋላ ጠፋ። ውሉ ሊያልቅ ገና ሰባት ወር ይቀረዋል።

አሥር ሰዓት ላይ መርከቡ ጮኾ ከወደቡ ተላቀቀ። አባባ ኳንሳ ታክሲ ውስጥ ሆነው ግቡ አሏት። በእግራችን እንመጣለን አለቻቸው።

ልጅቷን አዘለቻት፤ ኮፍያውን ራሷ ላይ ደፋችላት፤ ዓይኗንም አፍንጫዋንም ሸፈነው። ዳገቱን ጀመሩ። ፖስታ ቤቱ ጋ ሲደርሱ አጆዋ ቆም አለችና ለእንግዳ እንደምትናገረው እጇን ዘረጋች።

"በግራሽ በኩል፣ ኤጅርባ" አለች። "እዚህ በረንዳ ሥር አባትሽ ዝናብ አላቆመም ብሎ ዋሽቶኛል።"