ቁልቁል የሳልኩት ዶሮ

ዛሬ ሲኒማ ራስ ታክሲ ስጠብቅ አንድ ሰው እግራቸው የታሰረ ዶሮዎች ቁልቁል አንጠልጥሎ በአጠገቤ አለፈ። የላባቸው ሽታ ሰባተኛ ሰፈር ወደነበረው የልጅነት ግቢያችን መለሰኝ።

ጎረቤታችን ጋሼ ከድር የሱቅ ታፔላ ጻፊ ነበሩ። ቅዳሜ ቅዳሜ የግቢውን ልጆች ሰብስበው በሲሚንቶ ከረጢት ወረቀት ላይ በከሰል ሥዕል ያስተምሩን ነበር። አንድ ቀን ዶሮ እንድንስል አዘዙን። እኔ እግሩን ወደ ላይ፣ ጭንቅላቱን ወደ ታች አድርጌ ሳልኩት። ልጆቹ ሳቁብኝ፤ እንባዬ መጣ።

ጋሼ ከድር አልሳቁም። ወረቀቱን አንስተው ትክ ብለው አዩት።

"ዶሮ የት ነው የምታዪው?"

"ገበያ፣ ሰው እጅ ላይ።"

"እንግዲያው አልተሳሳትሽም፤ ያየሽውን ነው የሳልሽው። ቆሞ ግን አላየሽውም።"

እናቴን አስፈቅደው ለበዓል የገዛችውን ቀይ አውራ ዶሮ አመጡና ገመዱን ፈቱለት። መጀመሪያ መቆም አቃተው። ተንገዳግዶ አንድ እግሩን አነሳ፤ የተኮራመቱ ጣቶቹን ቀስ ብሎ መሬቱ ላይ ዘረጋቸው።

"እጅሽ አይቸኩል፣ መጀመሪያ ዓይንሽ ይጥገብ" አሉኝ።

ከሰሉ እጄ ላይ እስኪያልቅ ሳልኩት። በማግስቱ በዓል ነበር። እናቴ የዶሮውን ወጥ ስታወጣ እኔ ሽሮ ይሰጠኝ ብዬ አስቸገርኩ።

ዛሬ ዶሮዎቹን ያንጠለጠለው ሰውዬ መንገዱን ሊሻገር ሲቆም ከዶሮዎቹ አንዱ አንገቱን ቀና አድርጎ አየኝ። እኔም ሳላስበው አንገቴን ዘቅዝቄ አየሁት። ስጠብቀው የነበረው ታክሲ መጥቶ፣ እኔን ሳይዝ ሞልቶ ሄደ።