የዘላለም ዋስ

አባቴ የመቃብር ድንጋይ ቀራጭ ነበር። እሱ የቀረጸው ፊደል ከሩቅ ይነበባል። ልጁ ስለሆንኩ አይደለም እንዲህ የምለው፤ እሺ፣ ስለሆንኩም ነው። ከደንበኛ የሚያጣላው ግን አንድ ነገር ነበር፤ «ለዘላለም» የሚለውን ቃል ሞቶ ይገኛል እንጂ አይቀርጽም።

«ድንጋይንም ዝናብ ይበላዋል። ለማላውቀው ነገር ዋስ አልሆንም» ይላል። «የተናገሩት ከሚጠፋ የወለዱት ይጥፋ» ማለትም ይወድ ነበር። የወለደው እኔን ብቻ ስለነበር አባባሏን አልወዳትም።

አንድ ቀን ጎረቤታችን ልብስ ሰፊዋ ለሟቹ ባሏ ድንጋይ ልታሠራ መጣች። «ለዘላለም እወድሃለሁ» እንዲልላት ፈለገች።

«እህቴ፣ ‹ትወደው ነበር› ቢል ይበቃል» አላት።

«ነበር? መውደዴን መተዌን ማን ነገረህ?» ብላ ተነሥታ ሄደች። ድንጋዩ ሳይጻፍበት ግቢያችን ቀረ።

ዓመት ሳይሞላ እናቴ ሞተች። በእሷ ድንጋይ ላይ «ለዘላለም» እንዲጻፍ ፈለግኩ፤ ሌላ ቢሰጡኝ አልቀበልም። አባቴ ደግሞ ለሰው የከለከለውን ለራሱ ቢፈቅድ የልብስ ሰፊዋን ዓይን እንዴት ያያል? የእናቴን ስም ቀርጾ ሲጨርስ መሮውን እንደያዘ ፈዞ ቀረ።

«ቁጥር የማያልቀው ለምንድነው ነበር ያልሽኝ፣ ያኔ ከትምህርት ቤት ስትመጪ?»

«የፈለግከውን ያህል ትልቅ ብትጠራ፣ አንድ የሚጨምርበት ስለማይጠፋ።»

«ማነው የሚጨምረው?»

«ቀጥሎ ያለው ሰው ነዋ!»

ቃሉን መቅረጽ ጀመረ። የመጨረሻዋ «ም» ላይ ሲደርስ መሮውን ሰጠኝ። ቀረጽኳት፤ ዘመም አለች፤ አላረማትም። «ሲደበዝዝ ታድሺዋለሽ። ከአንቺም በኋላ ቀጥሎ ያለው» አለኝ።

ከዚያ እጁን እንኳ ሳይታጠብ ልብስ ሰፊዋ ቤት ሄደ፤ ተከተልኩት።

«እህቴ፣ ይቅር በይኝ፤ ያልሽውን እጽፍልሻለሁ። የሚያድሰው ሰው ካለ ቃሉ ውሸት አይሆንም።»

«ልጅ አልወለድኩ» አለች አንገቷን ደፍታ። «እኔ ስሞት ማን ያድስልኛል?»

አባቴ በአገጩ ወደ እኔ አመለከተ። «ይቺ አለችልሽ።»

ዋስ አልሆንም ሲል የኖረ ሰው፣ ለዘላለም ዋስ ጠራ፤ ዋሱ ደግሞ እኔ! ደረቴ በኩራት ተነፋ፤ እስከ ዛሬም አልተነፈሰ። አባቴም ከሞተ ቆየ፤ ድንጋዩን እኔ ነኝ የቀረጽኩት። ክረምት በወጣ ቁጥር መሮዬን ይዤ እሄዳለሁ። የልብስ ሰፊዋ ባል፣ የእናቴም፣ የአባቴም ድንጋይ ዛሬም ከሩቅ ይነበባል።