ፀሐይ የገባበት ውሃ

የማላውቀው ሰው በታላቁ ልጄ ስም ሲጠራኝ ነው ነገሩ የገባኝ። ከመካነ ሰላም ገበያ ስመለስ ነበር፤ ትንሿን ልጄን አዝያታለሁ። "የእገሌ እናት!" አለኝ ከኋላዬ። እንዲያ ብሎ የሚጠራኝ የሰፈራችን ሰው ብቻ ነው። ዞር ስል መሣሪያ የያዙ ሦስት ሰዎች ቆመዋል፤ አንዳቸውንም አላውቃቸው። ልጄ ከቤት ከወጣ ሁለት ወር ሆኖታል። የት እንዳለ እኔም አላውቅም።

"እሱ እስኪመጣ አንቺ ትቆያለሽ" አሉኝ።

ሕፃኗን እንኳ ለጎረቤት ልስጥ ብላቸው አልሰሙኝም።

ያስገቡን የእህል መጋዘን ውስጥ ነው። ግድግዳው ቆርቆሮ ነው፤ ወለሉ የጤፍ አቧራ ይሸታል፤ መስኮቱ እጅ አያስወጣም። ሁለት ሴቶች ቀድመውን ገብተዋል። አንዷ ዕድሜያቸውን ሙሉ ለሴቶች ቁርኣን ሲያስቀሩ የኖሩ አሮጊት ናቸው፤ የሰው ቤት አሳዩን ሲባሉ አላሳይም ብለው ነው የገቡት። እማማ ነው የምንላቸው። ሌላዋ ማተብ ያሰረች ወጣት ናት፤ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ባዮሎጂ ታስተምራለች። ስብሰባ ላይ ተናገርሽ ብለው ነው ያመጧት። እሷን ቲቸር እንላታለን።

"አብሽሪ፣ አይዞሽ" አሉኝ እማማ፤ የጋቢያቸውን ግማሽ ለልጄ አነጠፉላት።

የምንጠጣው ውሃ ከወንዝ በጄሪካን ይመጣል። በአራተኛው ቀን ልጄን ተቅማጥ ያዛት። በአምስተኛው ዓይኗ ጎደጎደ፤ ስታለቅስ እንባ የላትም። ሐኪም ስንላቸው "ነገ" ይሉናል። እኔ እስከ ሦስተኛ ክፍል ነው የተማርኩት፤ ከማልቀስ በቀር ምንም አላውቅም።

ቲቸር የልጄን የሆድ ቆዳ ቆንጠጥ አድርጋ ለቀቀችው። ቶሎ አልተመለሰም።

"ውሃ አልቆባታል። መጠጣት አለባት፤ ይህን ውሃ ግን አይደለም" አለች።

"ማፍያ የለን፣ ማገዶ የለን። ከየት እናምጣ?"

"ፀሐይ አለችልን።"

ጥግ ላይ የተጣሉ ሁለት የፕላስቲክ ጠርሙሶች አነሳች። ውሃ ተሞልቶባቸው ከረፋድ እስከ አሱር፣ እስከ ዘጠኝ ሰዓት ተኩል ድረስ፣ ፀሐይ ላይ ቢውሉ ጀርሙ ይሞታል አለችን። እኔ እማማን አየሁ። እሳቸው ሳይሉ ለልጄ ምንም አልሰጥም።

"ይኼ ጀርም የምትይው ይታያል?" አሉ እማማ።

"በዓይን አይታይም፣ እማማ።"

እማማ ሳቁ። "የማይታይ ነገር ማመንን ለእኔ ልታስተምሪ ነው? ወላሂ፣ የዕድሜ ልክ ሥራዬ እሱ ነው!"

ቲቸርም ሳቀች። "በማይክሮስኮፕ ግን ይታያል። እኔ አይቼዋለሁ።"

"በዓይንሽ?"

"በዓይኔ። ሲንቀሳቀስ።"

"እንግዲያ ምስክር ነሽ፤ ምስክር ይሰማል። ፀሐይዋ ሁሉንም ትገድለዋለች?"

ቲቸር ጠርሙሱን ወደ መስኮቱ ብርሃን አነሳችው። "ሁሉንም አልልም። አብዛኛውን። ውሃው ከደፈረሰ ደግሞ አይሆንም፤ ብርሃኑ ማለፍ አለበት።"

እማማ ወደ እኔ ዞሩ። "ሰማሻት? የማታውቀውን አልጨመረችም። እንዲህ ያለ ሰው ነው የሚታመነው። እንዳለችሽ አድርጊ።"

ውሃውን በነጠላዬ አጥልለን ሞላን። ቀን ደጅ መቀመጥ ይፈቅዱልናል፤ ጠርሙሶቹን ይዘን ስንወጣ ግን ጠባቂው በር ላይ ያዘን።

"ጠርሙስ ውጭ አይቀመጥም። ያብረቀርቃል። ማንን ልትጠሩበት ነው?"

"ፀሐይን" አለችው ቲቸር።

"ቀልደኛ! ላቦራቶሪ መሰለሽ እዚህ?"

"ልጄ" አሉት እማማ፣ "ብቻውን እንዳይቀመጥ ነው የከለከልከው። ሰው ይዞት ቢውልስ?"

በእጁ ግድግዳውን አሳየን። "ከግድግዳው እንዳትርቁ" ብሎ ሄደ።

ጠርሙሶቹን ጭኔ ላይ አጋድሜ ተቀመጥኩ። ቀትር ላይ ግን ፍርሃት ያዘኝ። ብርሃን ብቻውን ምን ያደርጋል አልኩ። እናቴ ስንታመም ክታብ አጥባ ነበር የምታጠጣን። የልጄን ክታብ ከአንገቷ ፈታሁ፤ ቆዳውን በጥርሴ ቀደድኩና ወረቀቱን ለሁለት ከፍዬ በየጠርሙሱ ከተትኩት። ውሃው እንደ ሻይ ጠቆረ።

ቲቸር ስታየው አልተቆጣችም። "አሁን ብርሃን አያልፍበትም። የዛሬው ፀሐይ አመለጠን" ብቻ አለች። የልጄን አንድ ቀን በገዛ እጄ አጠፋሁት።

እማማ እንኳ ይደግፉኛል ብዬ ነበር። ጠርሙሶቹን ተቀብለው፣ የአላህ ቃል ስላለበት፣ እግር በማይረግጠው በግድግዳው ሥር ቀስ ብለው አፈሰሱት። ከዚያ አጠገቤ ተቀመጡ።

"ቃሉ ቀለም አይፈልግም፣ ልጄ። ቀለሙ የሰው ነው። ቃሉን ያወረደውም ብርሃኑን የፈጠረውም አንድ ነው፤ በአንዱ ሌላውን አትከልዪ።"

ያን ቀን ከጠባቂዎቹ ወጥ ቤት የሚመጣልንን የሦስታችንንም ሻይ፣ እሱ እንኳ የፈላ ነው ብለን፣ በጠርሙስ ክዳን ለልጄ እያንጠባጠብን ዋልን።

በማግስቱ ሰማዩ ጥርት ብሎ ነጋ። ጠርሙሶቹን እየተቀባበልን ያዝን። እማማና እኔ የቀትሩን ዙሁር ስንሰግድ ቲቸር ያዘች፤ እሷ ወደ ምሥራቅ ዞራ ስታማትብ እኔ ያዝኩ። በመሀል እማማ መጥተው ቁርኣን ቀሩበት። ፀሐይዋ በቀኛቸው ነበረች፤ ጥላቸው ውሃው ላይ እንዳያርፍ ዞረው፣ የሚያማቸውን ወገባቸውን አጥፈው፣ በሌላው በኩል ጎንበስ አሉ። እስከዛሬ ከዓይኔ የማይጠፋው ያ አጎነባበሳቸው ነው።

አሱር ላይ ቲቸር ከወጥ ቤት የለመነችውን ስኳርና ጨው በልክ ጨመረችበት። በክዳን፣ በክዳን አጠጣናት። በሁለተኛው ቀን ሸናች፤ እልል ልል ምንም አልቀረኝ። በሦስተኛው ቀን ዳቦ አለች።

በኋላ ሽማግሌ ገብቶ እኔን ለቀቁኝ። በር ላይ ጠባቂው ጠርሙሶቹን አየ።

"ተያቸው" አለኝ።

ለዚያ ሰው መልስ ሰጥቼ አላውቅም። "አንዱ የእነሱ ነው፣ አንዱ የልጄ ነው" አልኩት፣ ዓይን ዓይኑን እያየሁ። አንዱን ለቲቸር አቀበልኩ፤ አንዱን በነጠላዬ ቋጠርኩ። መንገድ ለቀቀልኝ።

አሁን አጅባር እህቴ ዘንድ ነኝ። ታላቁ ልጄ በስልክ ድምፁን አሰምቶኛል። ቲቸር ተፈታለች ብለውኛል። የእማማን ወሬ አላገኘሁም፤ በየሶላቴ ዱዓ አደርግላቸዋለሁ። ሰው "ያዳናት ፀሐይዋ ናት ወይስ ዱዓው?" ይለኛል። እነዚያ ሁለት ሴቶች ይህን አንድም ቀን ሲጠያየቁ አልሰማሁም፤ እኔም አልጠይቅም።

ጠርሙሱን ዛሬም ግቢው ግድግዳ ላይ አሰጣዋለሁ። እህቴ "ቧንቧ እያለልሽ!" ብላ ትስቅብኛለች። ቢስሚላህ ልልበት ስጠጋ ጥላዬን አይቼ በሌላው በኩል እዞራለሁ። ልጄ አጠገቤ ትጫወታለች። ደርሰናል። ደህና ነን።